ደጃፍ ያጣ ቤት

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለወጣት የግንባታ ባለሙያዎችና ለፎቅ ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ቬንትሌተሩ ጠጋ በሉ፤ ቦታ አለ።

ወሬዬን የምጀምረው በፍራሽ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። አራተኛ ፎቅ። የገባነው ግንቦት ላይ ነው። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። ቀን 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። ግቢ ሳለን በዚህ ወቅት አልጋ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰማይ እያየን ነበር የምንተኛው። ስለዚህ በሁለተኛው ሌሊት እኔና ወንድሜ የእናታችንን ፍራሽ ወደ በረንዳ ልናወጣ ተነሳን። የፍራሹ ወርድ 90 ሳንቲ ነው። የበረንዳው 1 ሜትር ከ10። ይበቃል ብለን ነበር። በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። በሩን ከፍተን ፍራሹ አይዘረጋም፤ ፍራሹን ዘርግተን በሩ አይከፈትም። ስንታገል ቆይተን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መልሰን ጎትተን አስገባነው። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ስታራግብ ነጋላት።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ያንን በረንዳ የነደፈውን ባለሙያ ልወቅሰው አልችልም። ፕላኑ በረንዳ ይላል፤ በረንዳ አለ። ነገር ግን የድሬ ሰው በግንቦት ሌሊት በረንዳው ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም በሠራኋቸው ፕላኖች ላይ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ወደ ላይ ስንሠራ፣ አንዳችን ባንዳችን አናት ላይ ስንኖር፣ ውስጣችን ምን ይሆናል? እንቅልፋችን፣ ቁጣችን፣ ደስታችን፣ ብቸኝነታችን።

ፎቅን ላማርር ብቻ አልመጣሁም። እናቴ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ አይታለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት ነው የመጣው፤ ሰው በተኛበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ እናቴ በሐረር ተራሮች በኩል መብረቅ ባየች ቁጥር ከአልጋዋ ተነስታ ትቀመጥ ነበር። እኛ ጋ ባይዘንብም ትነሳለች፤ ጎርፉ ከላይ እንደሚመጣ ታውቃለቻ። አራተኛ ፎቅ ከገባን ወዲህ ግን መብረቁን እያየች ትተኛለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የራሷ ሽንት ቤት አላት፤ ሌሊት ባትሪ ይዛ ግቢ አታቋርጥም። ቁልፍ አላት። ንጋት ላይ ንፋሱ ደስ ይላል። የመጀመሪያውን ወር ስልክ እየደወለች ዘመድ ሁሉ እንዲመጣና ሴራሚኩን እንዲያይላት ትጠራ ነበር።

ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። እኔ ያወቅሁት በጀበናዋ ነው።

በግቢያችን ቡና ሲቆላ ማንም አይጠራም። ሽታው ራሱ ይጠራል። አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ ትመጣለች። ሌላዋ ልጅ አዝላ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትመጣለች። የሚቸኩል አንድ ስኒ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ጊዜ ያለው ሦስተኛውን ይጠብቃል። ፎቅ ላይ ግን ጭሱ በመስኮት ወጥቶ ይሄዳል። ከቤታችን ፊት ለፊት ሦስት በር አለ፤ ሦስቱም ዝግ ነው። እናቴ የእህቴን ልጅ ልካ አስንኳኳች። ጎረቤቶቹ መጡ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግን ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ለብሰው፣ አንዷም ስኳር ይዛ መጣች። ቡናው ግብዣ ሆነ። ግብዣ ደግሞ በየቀኑ አይደረግም። እየቆየ እናቴ ትልቁን ጀበና ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ለአንድ ሰው የምትሆን ትንሽ ጀበና ገዛች። አንድ ቀን ልጠይቃት ስሄድ፣ «ሰው ሞልቷል ልጄ፤ ከላይም ከታችም ሲራመዱ እሰማለሁ፤ ግን ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለችኝ።

ሰው ሞልቶ ሆድ ባር ባር ማለት እንዴት ይሆናል? ይህ ጥያቄ ብዙ አስነበበኝ።

ስለ መጨናነቅ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የአይጦቹ ታሪክ ነው። ጆን ካልሁን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አይጦች በተወሰነ ቦታ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲበዙ ምን እንደሚሆኑ አሳየ። ይናከሳሉ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይተዋሉ። አንዳንዶቹ ከሁሉም ይገለላሉ። ከዚያ ወዲህ «ሰውም ሲበዛ ያው ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው በር ያንኳኳል፣ ይቅርታ ይላል፣ መጋረጃ ይሰቅላል። አይጥ ይህ ሁሉ የለውም።

ለእናቴ ነገር መልስ ያገኘሁት ከሌላ ጥናት ነው። በ1970ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አንድሩ ባውምና ስቱዋርት ቫሊንስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጠኑ። ተማሪዎቹ በሁለት ዓይነት ዶርም ይኖራሉ። አንደኛው ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኝ መኝታ ክፍሎች፣ 34 ተማሪ አንድ መታጠቢያ ቤትና አንድ ሳሎን ይጋራል። ሁለተኛው በትንንሽ ተከፍሏል፤ ከ4 እስከ 6 ተማሪ የራሱ ሳሎንና መታጠቢያ አለው። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ቦታ በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። ስሜታቸው ግን ለየቅል ሆነ። የኮሪደሮቹ ልጆች «ተጨናነቅን» ይላሉ። ሰው ላለማግኘት ይሸሻሉ።

እኔን የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን ከዶርማቸው አውጥተው ሌላ ቦታ፣ አንድ የማያውቁት ሰው ያለበት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። የኮሪደር ልጆቹ እዚያም ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሰውየውን ቀና ብለው አላዩትም። ይታያችሁ፤ ዶርሙ እዚያ የለም። እነሱ ግን ይዘውት መጥተዋል።

ምክንያቱ የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ኮሪደር ላይ ከማን ጋር፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደምትገናኝ አንተ አትወስንም። ፎጣ አገልድመህ ስትወጣ 33 ሰው ሊያይህ ይችላል። በቀን ሃያ ጊዜ ሳትፈልግ ሰው የሚያጋጥምህ ከሆነ፣ ራስህን የምትጠብቅበት አንድ መንገድ ነው የሚቀርህ፤ ዓይንህን መስበር። የኛም ደረጃ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም ሰላም የማይባባሉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ሰው ነው እኮ በሩን ዘግቶ የሚቀመጠው።

እዚህ ላይ ነው ደጃፍ የሚለው ቃል የመጣልኝ። ደጃፍ ምንድን ነው? ቤት አይደለም፣ መንገድም አይደለም። ደጃፍህ ላይ ስትቀመጥ ቤትህ ነህ። የሚያልፈው ሰው ግን ሰላም ይልሃል። አልጋበዝከውም፣ አልተጋበዝክም። ደስ ካለህ ታወራለህ፤ ካልፈለግህ «ልግባ እስቲ» ብለህ ትነሳለህ፤ ማንም ቅር አይለውም። ሴቶች ምስር ይለቅማሉ። ሽማግሌዎች ከ11 ሰዓት በኋላ ወንበር አውጥተው ነፋስ ይቀበላሉ። በርጫ ላይ የዋለውም ሲያመሽ ደጃፍ ላይ ነው የሚገኘው። ቤተክርስቲያን እንኳ ደጀ ሰላም አላት። በግቢ ቤት ደጃፍን የሚነድፍ አርክቴክት አያስፈልግም፤ ራሱ ይፈጠራል። ፎቅ ላይ ግን ካልታሰበበት አይፈጠርም። በር ትከፍታለህ፣ ደረጃ ነው። ደረጃውን ትጨርሳለህ፣ አስፋልት ነው። መሃሉ የለም።

ይህን በደንብ ያየ ሰው አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ነው። ሴንት ሉዊስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፕሩት አይጎ የሚባል መንደር ነበር። 33 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ አለቀ፤ ከ1972 ጀምሮ በፈንጂ እየፈረሰ ጠፋ። ኒውማን እዚያ ሄዶ አየ። ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደረጃ ማረፊያ የተጠረገ ነው። 20 ቤተሰብ የሚጋራው ኮሪደር ግን ተበላሽቷል። 150 ቤተሰብ የሚጋራው መግቢያና ሊፍት ደግሞ የሚያስፈራ ሆኗል። ሰዎቹ እኮ ያው ናቸው። ማረፊያውን ጠርጋ ወደ ቤቷ የምትገባዋ ሴት ናት ሊፍቱ ውስጥ ፊቷን አዙራ የምትቆመው። እርግጥ ለዚያ መንደር ውድቀት ሕንፃውን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለጥገና ገንዘብ አልነበረም፤ ከተማዋ ሰዎቿን እያጣች ነበር፤ ጥቁሮቹን ነዋሪዎች የገፋቸው ዘረኝነትም ነበር። ድህነት ያደረገውን ሁሉ በፎቅ ላይ ማላከክ የለብንም። የማረፊያው ነገር ግን እውነት ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ስትገቡ የራሳችሁን ደረጃ ልብ ብላችሁ እዩት። በራችሁ ፊት ያለውን ማን ይጠርገዋል? ምድር ቤት ያለውንስ?

አሁን ሩቅ አገሩን ትተን ዳገቱን ወጥተን ሐረር እንግባ።

ጀጎልን በሥራዬ ዓይን ማየት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሳጠሩት ግንብ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ 82 መስጊድ፣ ከ100 በላይ የአውልያ ቦታና ያ ሁሉ መኖሪያ ቤት አለ። ቤቶቹ ጀርባና ጀርባ ተጣብቀዋል። ፎቅ የሚባለው ቢበዛ አንድ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አንዱን በጣም ጠባብ መንገድ የእርቅ መንገድ ይሉታል፤ የተጣላ ሰው እዚያ ከተገናኘ ሳይነካካ ማለፍ አይችልምና። በቁጥር ብቻ ካየነው ጀጎል የተጨናነቀ ነው። እኔ ግን እዚያ ስሄድ ደረቴ ይከፈታል እንጂ አልጨነቅም። ለምን?

አንድ ቀን አንድ የሐረሪ ቤት ደጅ ቆሜ እርምጃዬን ቆጠርኩ። መጀመሪያ መንገዱ ነው፤ የሁሉም ነው። ከመንገድ ላይ የሚታየኝ ባዶ ግንብ ነው፤ መስኮት የለም፣ የማንም ጓዳ አይታየኝም። ቀጥሎ የግቢው በር። በሩን አልፌ ስገባ ጥቂት ቤቶች የሚጋሩት ግቢ። እዚህ የሚያውቁኝ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከዚያ የቤቱ በር። ከዚያ ጊዲር ጋር፣ ትልቁ ክፍል። እዚያም ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መቀመጫዎች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። አባወራው የት፣ እንግዳው የት፣ ልጆች የት እንደሚቀመጡ የታወቀ ነው። አያችሁ፣ ከመንገድ እስከ መቀመጫው ድረስ ደጃፍ በደጃፍ ላይ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ ልመለስ እችላለሁ። ባለቤቷም በእያንዳንዱ ላይ ልታስቆመኝ ወይም ልታሳልፈኝ ትችላለች። ሰው የበዛበት ከተማ ውስጥ ሰው ሳይጨነቅ የሚኖርበትን ብልሃት እነዚህ ግንበኞች ከኛ በፊት አግኝተውታል። በዚያ ላይ አፎቻው፣ እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበራቸው፣ አለ፤ ሠርግም ሐዘንም ብቻህን አይወድቅብህም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ግንቡን ብቻ አይደለም የመዘገበው። የከተማውን አኗኗርና የቤቱን አሠራር ጭምር ነው።

ስለዚህ «ጥግግት መጥፎ ነው» ለሚለኝ ሰው ጀጎልን አሳየዋለሁ። «ታዲያ ፎቅ ነው መጥፎው?» ለሚለኝም እሱም ልክ አይደለም እላለሁ።

ከፍታ የሚያመጣው ነገር አለ፤ አልክድም። ያን ጌል የሚባለው የዴንማርክ አርክቴክት፣ ሰው ከመንገዱ ጋር በዓይንና በድምፅ የሚገናኘው እስከ አምስተኛው ወለል ድረስ ነው ይላል። ከዚያ በላይ መንገዱ ሥዕል ይሆንብሃል። የኛ ጂ ፕላስ ፎር ልክ እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው። እናቴ ይህን አታነብም፤ ግን ታውቀዋለች። በረንዳው ላይ ዘንቢል በገመድ አስራለች። ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ ስትመጣ ገንዘቡን በዘንቢል ታወርዳለች፣ ሽንኩርቱን ትጎትታለች። ዋጋ ትከራከራለች። ስለ ልጅቷ እናት ጤና ትጠይቃለች። ጉልበቷ ስለሚያማት ነው ስትል አምኛት ነበር። በኋላ ሳየው ግን ጓዳዋ ሙሉ ሽንኩርት ነው። ወሬውን ነው የምትገዛው።

አሥረኛ ፎቅ ቢሆን ኖሮ ያችን ልጅ አታገኛትም ነበር። ለዚህ ነው አረጋውያንንና ትንንሽ ልጆችን ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ስናስቀምጥ ደጋግመን ማሰብ ያለብን። ልጅ ወደ ታች ሲወርድ ከእናቱ ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ እናት አታወርደውም። ልጁ ቤት ውስጥ ይሮጣል፣ የታችኛው ጎረቤት ጣራ ይደበደባል፣ ጠብ ይነሳል። ስንት የፎቅ ጠብ የሚጀምረው በልጅ እግር ነው።

በሌላ በኩል ከፍታ የሚያድነንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ኒውዮርክ ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ የተሠሩ ባለ 32 ፎቅ ሕንፃዎችን አይቷል። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ እዚያ ከኖሩት ልጆች መካከል ዝቅ ባሉት ፎቆች ያሉት፣ የመኪናው ጩኸት የሚበዛባቸው፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ቃላትን መለየት ይከብዳቸው ነበር። ንባባቸውም ከላይኞቹ ልጆች ያነሰ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ ወሬያችሁን የምታቋርጡ የመንገድ ዳር ነዋሪዎች ይህን ልብ በሉ።

ስለ ዛፍ ጥቂት ልበል። ሮጀር አልሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ ከመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እኛ ድሬዎች ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገንም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የከዚራን ሰፈር የቀየሱት ሰዎች መንገዱን ቀጥ አድርገው በዛፍ አጠሩት። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከከዚራ ጥላ ወጥቶ ዛፍ የሌለው አዲስ ሰፈር የሚገባ ሰው ፊቱ ሲኮሳተር አይቼዋለሁ። እንዲያውም ከማዳጋስካር የመጣውን ያንን ቀይ አበባ ዛፍ አገሩ ሁሉ የድሬዳዋ ዛፍ ብሎ ነው የሚጠራው። በስማችን የሚጠራ ዛፍ እያለን አዲሶቹን ሰፈሮቻችንን ያለ ዛፍ መሥራታችን ያሳዝነኛል።

መስታወት ለበስ ሕንፃውም እንዲሁ። ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የቆመ መስታወት ከ9 ሰዓት በኋላ ውስጡ ምድጃ ነው። ኤሲ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መስኮቱ አይከፈትም። ሙቀት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቶሎ ይቆጣል። ሚስቱን ይቆጣል፣ ልጁን ይቆጣል፣ ምክንያቱን አያውቀውም። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ የደጋ ከተማ ፕላን እንዳለ ገልብጠን ስናመጣ የምንከፍለው በስሜታችን ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝን አሁን ልናገር።

ሦስተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ አባት አረፉ። ሣጥኑ ሊወርድ ነው። ደረጃው 1 ሜትር ከ20 ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሣጥኑ አልዞር አለ። ስድስት ወንዶች ነን። ወደ ኋላ መለስነው፣ ከፍ አደረግነው፣ በመጨረሻ አቁመን ነው ያወረድነው። ልጃቸው ከኋላዬ ነበረች። «ቀስ በሉ፣ አባዬን ቀስ በሉ» ትል ነበር። ለቅሶ ድንኳኑ ደግሞ የሚተከልበት ጠፍቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ። ሦስቱንም ቀን መኪና እየመጣ ክላክስ ያደርጋል። ያንን ቀን ሳስብ የተማርኩት ሙያ ያሳስበኛል። ቤት የምንሠራው ለኑሮ ብቻ አይደለም፤ ለሞትም ነው፣ ለሠርግም ነው።

ሲንጋፖር ይህን አስባበታለች። ከአሥር ሰው ስምንቱ ገደማ የሚኖረው መንግሥት በሠራቸው ፎቆች ውስጥ ነው። በብዙዎቹ ሕንፃዎች የምድሩን ወለል ባዶ ትተውታል። ሱቅም ቤትም የለበትም፤ ምሰሶና ጥላ ብቻ። የማላይ ተወላጆቹ እዚያ ይደግሳሉ፣ ቻይናዎቹ እዚያ ሐዘን ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌዎች እዚያ ይጫወታሉ። የሕንፃው ሁሉ ደጃፍ ነው። እኛም እኮ በኮንዶሚኒየሞቻችን ፕላን ላይ የጋራ መገልገያ ቤት አለን፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ሐሳቡ ከዚሁ አገር አኗኗር የወጣ፣ ጥሩ ሐሳብ ነበር። እኔ ባየኋቸው ሰፈሮች ግን አንዳንዱ ተከራይቷል፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆኗል፣ አንዳንዱ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም።

በእናቴ ሕንፃ ምን ሆነ? አንድ ጎረቤት ሁለተኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ ነበር። ኮሚቴው «ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» ብሎ ወረቀት ለጠፈና አስነሳው። ተናደድኩ። ስረጋጋ ግን ግማሽ እውነት እንዳላቸው ገባኝ። እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣው በዚያው ደረጃ ነው፤ ጠባብ ደረጃ ላይ ወንበር አደጋ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ወረደ። መግቢያው አጠገብ፣ ቆጣሪዎቹ ካሉበት ግድግዳ ጥግ፣ ሦስት የኒም ዛፍ ተከልንና አግዳሚውን እዚያ አቆምነው። ኒም ድሬ ላይ ቶሎ ያድጋል፤ በሦስተኛው ዓመት ጥላ ሆነ። መጀመሪያ የተቀመጠው ጥበቃው ነበር። ከዚያ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች። እናቴ አሁን በቀን አንዴ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ትወርዳለች። ትልቁ ጀበና ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዷል። የእህቴ ልጅ ከሰሉን ይይዝላታል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨረስኩ። ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጥቀስ።

አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ «የሚሉት ጥሩ ነው፤ ግን መሬት ውድ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ውድ ነው፤ ባዶ ቦታውን ማን ይከፍለዋል?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ሰሌዳው ላይ አብረን አሰላነው። የደረጃ ማረፊያው ወርድ 2 ሜትር ከ60 ነው እንበል። ጥልቀቱን ከ1 ሜትር ከ20 ወደ 2 ሜትር ከ20 ብናሳድገው በአንድ ወለል የምንጨምረው 2.6 ካሬ ነው። በአምስት ወለል 13 ካሬ። ከአንድ ስቱዲዮ ቤት ያነሰ ነው። ለዚያ ደግሞ ወንበር የሚያስቀምጥ፣ ሣጥን የሚያዞር፣ እሳት ሲነሳም የማያስጨንቅ ማረፊያ እናገኛለን። የበረንዳውን በር ወደ ውስጥ እንዲከፈት ወይም ተንሸራታች ማድረግ ደግሞ ምንም ካሬ አይጨምርም። ልጁ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደግሞ አየውና በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሱ። «የኛ ተሠርቶ አልቋል፤ አይፈርስም። ምድር ቤት ያለው የጋራ ክፍል ተዘግቶ አሮጌ ብረትና በርሜል ተሞልቷል። እኔ ላይ ነኝ፤ እናቴ ደግሞ ከወደቀች ወዲህ ለስምንት ወር አልወረደችም» አሉ። ክፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁም። በሩ ወደየት እንደሚከፈት ጠየቅኳቸው፤ እሱንም አላስተዋሉም። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ግን ያውቃሉ፤ ማክሰኞ 11 ሰዓት። ቁልፉን እንዲያስመጡ ነገርኳቸው፤ እኔ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ያ ወጣት መሐንዲስም «እኔም እመጣለሁ» አለ።